ጎጆ ለሚወጡ፦ ለዓመታት የሚያገለግል ድስት እንዴት ይመረጣል?

አዲስ ጎጆ የሚወጣ ሰው የማዕድ ቤት ዕቃ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው የድስቱን ጥራት ትቶ ብዛቱን በማየቱ ነው። እኔም ሐዋሳ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቴን በተከራየሁ ጊዜ በአንድ ካርቶን የታሸጉ፣ የሚያብረቀርቁ ሰባት ድስቶች ገዛሁ፤ ዓመት ሳይሞላ የአምስቱ መቀመጫ ተጣሞ፣ እጀታቸውም ተላቆ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። በዚያው ገንዘብ ሁለት ወፍራም ድስት ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አበስልባቸው ነበር። ስለዚህ ጥቂት፣ ነገር ግን ወፍራም ዕቃ እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድመው በቤትዎ የሚያበስሉበትን እሳት ያስቡ። በከተማችን ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ ምድጃ ያበስላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል ያቀጣጥላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ መቀመጫው ዝርግ የሆነ ድስት ይፈልጋል፤ ምድጃውን ያልነካው የድስቱ ክፍል በቂ ሙቀት አያገኝምና። በከሰል ሲያበስሉ ግን ሙቀቱ በድስቱ ጎን ስለሚወጣ የፕላስቲክ እጀታ ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል። ለሁለቱም የሚሆነው እጀታው ራሱ ብረት የሆነና በብሎን ሳይሆን በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በማይፈታ ሚስማር) የተያያዘ ድስት ነው፤ ብሎን ሙቀትና እጥበት ሲፈራረቁበት እየላላ ይሄዳል።

ስለ ውፍረት አጥብቄ የምናገረው በአበሳሰላችን ምክንያት ነው። ወጣችን የሚጀምረው ሽንኩርትን ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ ቀስ አድርጎ በማቁላላት ሲሆን ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ የማይዋዥቅ፣ በመቀመጫው ሁሉ እኩል የተሰራጨ ሙቀት ይጠይቃል። ስስ ድስት ላይ መሐሉ ሲያር ዳሩ ገና ጥሬ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው በርበሬም ሆነ ቅቤ የተቃጠለውን ጣዕም አያጠፋውም። አሉሚኒየም ሙቀትን ከስቴንለስ (ከማይዝግ ብረት) ወደ 15 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ስለሚያስተላልፍ፣ የስቴንለስ ድስት ሲገዙ ከመቀመጫው ሥር ወፍራም የአሉሚኒየም ንጣፍ የተጣበቀበትን ይምረጡ። ድስቱን ገልብጠው ከጎን ቢያዩት ንጣፉ እንደ ክብ ሰሌዳ ተለይቶ ይታያል። ከዚያ ባለሱቁን አስፈቅደው በመስታወት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና ጠርዙን በጣትዎ ይጫኑት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ መቀመጫው ዝርግ አይደለምና ይተዉት። ክዳኑም ተከድኖ ሲሽከረከር የማይንገዳገድ መሆን አለበት።

ስቴንለስ ላይ 18/10 የሚል ጽሑፍ ካዩ ብረቱ ውስጥ ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 10 በመቶ ኒኬል አለ ማለት ሲሆን፣ ዝገትን በሚገባ ይቋቋማል። ወደፊት ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያግል) ሊገዙ ካሰቡ ግን ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ማግኔቱ በመቀመጫው ላይ ካልተጣበቀ ድስቱ በዚያ ምድጃ አይሠራም።

የአሉሚኒየም ድስት ርካሽና ቀላል ነው፤ ወፍራም ከሆነም ለሩዝና ለፓስታ መቀቀያ ይበቃል። ሆኖም ቲማቲምና ሎሚ የበዛበት ምግብ ብረቱን ስለሚበላው በውስጡ ማሳደር አይገባም። ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት ደግሞ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ወደ ምግብ ሊለቅ ስለሚችል፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት እንዲገባ አልመክርም።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ጠንካራ ሥጋ የሚያዘገዩን አንዱ ምክንያት ይህ ሲሆን፣ ፕሬዠር ኩከር (እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት የሚያበስል ድስት) የውስጡን ሙቀት ከዚያ በላይ ከፍ ስለሚያደርግ ጊዜም ከሰልም ይቆጥባል። ሲገዙት መለዋወጫ ጎማው በገበያ የሚገኝ መሆኑን ይጠይቁ፤ ጎማው ያለቀ ማብሰያ አያገለግልም። ጥራጥሬ ሲቀቅሉ ከግማሹ በላይ አይሙሉት፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ሊደፍነው ይችላል።

ሐዋሳ ካለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩስ ቆሮሶ ገዝቶ ቤቱ መጥበስ የሚወድ ሰው ስለ መጥበሻው ሊያስብበት ይገባል። ቴፍሎን ዓሣ አያጣብቅም፤ ነገር ግን ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል ሽፋኑ መበላሸት ስለሚጀምር ባዶውን እሳት ላይ መተው አደገኛ ነው፣ ለከሰልም አይሆንም። ዕድሜውም አጭር ነው። ወፍራም የብረት መጥበሻ ግን እንደ ምጣድ ተሟሽቶ፣ ማለትም በስሱ ዘይት ተቀብቶ እስኪጨስ ድረስ ደጋግሞ ከጋለ በኋላ፣ እየዋለ ሲያድር ይለሰልሳል። ከታጠበ በኋላ እሳት ላይ ማድረቅ ብቻ አይርሱ።

የሸክላ ዕቃንም እንደ አሮጌ ነገር አይናቁት። በሲዳማ ቡሪሳሜ (ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ) በሻፌታ፣ ማለትም በሸክላ ሳህን የሚቀርበው፣ ሽሮም በሸክላ ድስት ከእሳት ወርዶ እንኳ የሚንተከተከው ሸክላ ሙቀትን ቶሎ ስለማይለቅ ነው። ሲገዙ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ቤት ከገባ በኋላ ሳይሟሽ አይጠቀሙበት፤ በጋለበትም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱበት።

ሁሉንም በአንድ ወር መግዛት አያስፈልግም። ለሁለት ሰው ቤት መጀመሪያ አምስት ሊትር ገደማ የሚይዝ ወፍራም የስቴንለስ ድስትና አንድ የሸክላ ድስት ይግዙ፤ በሚቀጥለው ደመወዝ መጥበሻውን፣ ከዚያም አቅም ሲፈቅድ ፕሬዠር ኩከሩን ይጨምሩ።