ሲሞቅ አልነሳ ያለኝ መኪና

ጠዋት ወዲያው ትነሳለች። ከሰዓት ግን ጥቂት ነድቼ ካቆምኳት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ባትሪም ካንዴላም ቀየርኩ። ያ ገንዘብ አሁንም ያንገበግበኛል፤ እባካችሁ የብልሽት ኮዱን በኮምፒውተር ሳታስነብቡ ዕቃ አትግዙ።

ፍንጩን የሰጠኝ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤም ቆጣሪ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ መርፌው ንቅንቅ አላለም። በኮምፒውተር ስትታይ ፒ0335 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ፤ የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር የክራንኩን ዙር ለመኪናው ኮምፒውተር ካልነገረ ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ ኢንጄክተሩም ነዳጅ አይረጭም። የእኔው ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ለማረጋገጥ፣ እምቢ ባለችበት ሰዓት ሴንሰሩን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝኩት። ተነሳች!

አዲስ ገጠምኩ፣ ሶኬቱ ላይ የነበረውን ዘይትም ጠረግኩ። ከዚያ ወዲህ በቀትር ፀሐይም አላስቸገረችኝም።