ካቲንግ ማቱ ቁስሉ አልገጥም ሲል

ሰው ካቲንግ ማቱን፣ ያን ስንቆርጥ ከስር የምናነጥፈውን ፕላስቲክ፣ ብብቱ ስር ሸጉጦ ሲመጣ ምን ሊለኝ እንደሆነ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ራሱን ያድናል የተባለው ማት አልድን አለኝ።» እኔ ደግሞ ማቱን ሳላየው «እስቲ መጀመሪያ ከተርህን አምጣው» እላለሁ። ቆዳና ካርቶን ስቆርጥ ዓመታት አልፈዋል። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆችም፣ ሞዴል የሚሠሩ ተማሪዎችም ችግራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ማቱ ሳይሆን ምላጩ ነው።

የማቱን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። የሚሠራው ከፒቪሲ ፕላስቲክ ነው። ላይና ታቹ ለስለስ ያለ፣ መሀሉ ጠንከር ያለ ነው። ስለታም ቀጭን ምላጭ ፕላስቲኩን ገለል አድርጎ ያልፋል እንጂ ቆርሶ አይወስድም። ምላጩ ሲወጣ የተገለለው ተመልሶ ይገጥማል። ተቆርሶ የወጣ ከሆነ ግን የሚመለስ ነገር የለም። ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መስመሩ አልገጥም አለ፤ ምላጩም ወደ አሮጌው መስመር እየገባ ይስታል

ዋናው ይሄ ነው። ሳላየው የማልፈው ወር የለም።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ማስመሪያውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ትቆርጣላችሁ። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው። ካርቶኑን ስታገላብጡት ግን ከስር ወደ ጎን ሸሽቷል። ጥፍራችሁን ማቱ ላይ ጎትቱት። ክርክር ካለ መስመሩ ጠልቋል ማለት ነው። በደንብ ለማየት ደግሞ ማታ መብራቱን አጥፉና የስልካችሁን መብራት ማቱ ጠርዝ ላይ አስተኝታችሁ አብሩት። ቀን የማይታየው ቦይ ሁሉ ጥላ ሠርቶ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ሞዴሉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። ግድግዳዎቹ አልገጥም ብለውታል፤ ጥጉ ሁሉ ክፍተት አለው። የማቱን ጥራት ነው የሚረግመው። መብራቱን አስተኝቼ ሳየው ማቱ ዳር ዳሩ አዲስ ነው። መሀሉ ላይ ብቻ፣ አንዱ መስመር በማረሻ የታረሰ ይመስላል። ከተሩን ተቀበልኩትና ጫፉን አየሁት። ከሰመስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ጫፍ ነው! ባለ 2 ሚሊሜትር ካርቶን በዚያ በደነዘ ጫፍ፣ በሁለት እጁ እየተጫነ ሲቆርጥ ነው የከረመው። ምላጭ አጥቶ አልነበረም። መሰበር እንዳለበት የነገረው ሰው የለም።

ያ ምላጭ ላይ ያለው ሰያፍ ጭረት ለጌጥ አልተሠራም፤ የደነዘው ጫፍ የሚሰበርበት ነው። ኦካዳ ዮሺዮ የሚባል ጃፓናዊ በ1956 እ.ኤ.አ. ይህን ምላጭ ሲፈጥር ሐሳቡ የመጣለት በየመስመሩ ከሚቆረሰው ቸኮሌትና ከመስታወት ስብርባሪ ነው። «ኦልፋ» የሚለው የምርቱ ስም ራሱ በጃፓንኛ «የሚሰበር ስለት» ከሚለው የተወሰደ ነው። ባለ 18 ሚሊሜትሩ ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ 8 ጫፍ ይወጣዋል። ስምንት አዲስ ስለት ኪሳችሁ ይዛችሁ በአንዱ ድንዝ መታገል ለምን?

የደነዘ ምላጭ ፕላስቲኩን ገለል አያደርግም፤ ይቦጭቀዋል። ደግሞ አልቆርጥ ሲላችሁ ትጫናላችሁ። ስትጫኑ ለስላሳውን ንጣፍ አልፎ መሀሉን ይነካል። ያኔ አይገጥምም። ካርቶን ደግሞ ምላጭ ይበላል። ጨርቅ ወይም ስስ ወረቀት ላይ የሚቆየውን ያህል አይቆይም። እኔ ጆሮዬን ነው የማምነው። አዲስ ጫፍ ሲሄድ «ሽው» ይላል። ድምፁ ወደ «ክርር» ሲቀየር ወይም የወረቀቱ ጠርዝ ጸጉር ሲያወጣ ወዲያው እሰብረዋለሁ።

ስትሰብሩ በፒንሳ ያዙት፤ ጫፉ ከፊታችሁ የዞረ ይሁን። የተሰበረውን ስለት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሙ። ፌስታል ውስጥ አትጣሉት። እደግመዋለሁ፣ ፌስታል ውስጥ አትጣሉት። ቆሻሻ የሚሰበስቡልን ሰዎች ብዙዎቹ ጓንት የላቸውም። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ወለሉን በማግኔት ፈትሹት።

ስለ ርካሽ ምላጭ አንድ ነገር ልበል። ደርዘኑን በጥቂት ብር የሚሸጡት ምላጭ ገና ሳይቆርጥ ይታጠፋል፤ ጫፉም ማቱ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ያቺ ያልታየች ቅንጣት ቀጣዩን ምላጭ ታደነዝዛለች። የሚወዛወዝ የፕላስቲክ እጀታ ደግሞ ለጣትም አደጋ ነው። ብር መቆጠብ የምትፈልጉ ከሆነ ማቱ ላይ ቆጥቡ፤ ምላጩ ላይ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት የእጅ ማዘንበል ነው። የቆዳ ቦርሳ የምትሠራ አንዲት እህታችን ማቷን በአራት ወር ጨርሳ መጣች። ምላጯ አዲስ ነው፣ ሥራዋም ጥንቁቅ ነው። ግራ ገባኝ። «እስቲ እዚሁ ቁረጪልኝ» አልኳት። ወፍራም ቆዳ ስትቆርጥ እጇ ወደ ውጭ ያዘነብላል። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ያዘነበለ መስመር ሲገናኝ ከማቱ ላይ ቀጭን ክር ያነሳል። ጠረጴዛዋ ላይ ብናኝ የመሰለ አረንጓዴ ፍርፋሪ ነበር። ለካ በየቀኑ የምትጠርገው ማቷን ነው። አረንጓዴ ፍርፋሪ ካያችሁ ምላጫችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሦስተኛው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መቁረጥ ነው። ሁላችንም ደረታችን ፊት ያለው መስመር ይመቸናል። ማቱን በየሳምንቱ አዙሩት። ወር ሲሞላ ገልብጡት።

አሁን ወደ ማከሙ። መስመሩ ውስጥ የገባ የወረቀት ብናኝና የጨርቅ ክር ካለ ማቱ ቢፈልግም መግጠም አይችልም። መጀመሪያ ነጭ ላጲስ ያዙና መስመሩን አቋርጣችሁ እሹት። በመስመሩ ርዝመት ካሻችሁት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው የምትጠቀጥቁት። ላጲሱ እየተፈረፈረ ክሩን ጠቅልሎ ያወጣል። ቀጥላችሁ ለብ ባለ ውሃ ላይ ላርጎ ጠብ አድርጋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። የፈላ ውሃ አይሆንም። አለቅልቁት፣ ጥላ ላይ አስተኝታችሁ አድርቁት፣ እስከ ነገ አትንኩት። ብናኝ ብቻ ከነበረ ጠዋት ላይ መስመሩ ፈዝዞ ታገኙታላችሁ። ነጭ ምልክት ቢቀር ግድ የለም፤ ጥፍር ካልያዘው ምላጭም አይዘውም።

ታጥቦም ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ያ ቦታ አልቋል። ሱፐር ግሉ አትሙሉበት። ድንጋይ ሆኖ ይደርቅና ምላጫችሁን ይሰብራል። በማርከር አክብባችሁ ከዚያ ራቁ።

አቆራረጣችሁን ካልቀየራችሁ ግን አዲስ ማትም አይረዳችሁም። የመጀመሪያውን ዙር መንገድ ለማሳየት ያህል ብቻ በስሱ ሂዱ። ባለ 2 ሚሊሜትር ካርቶን አምስት ስድስት ዙር ቢፈልግ ይፈልግ። የመጨረሻው ዙር ካርቶኑን ጨርሶ ማቱን ዳሰስ ብቻ ማድረግ አለበት። ያ ተማሪ ጫፉን ሰብረን፣ ማቱን ገልብጠን፣ በዚህ አካሄድ ግድግዳዎቹን እኔው ጋ ቁጭ ብሎ ደግሞ ቆረጣቸው። ሲመሽ ጥጎቹ ገጥመው ነበር።

ማቱ ጎበጠ ወይም ተንጋደደ

ሙቀት ነው። አለዚያም አያያዝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ፣ ተጠቅልሎ ተጭኖ የመጣ፣ ሁሉም ይጎብጣል። ባለፈው አንድ ቤት ማቶቱ ጠፍቶ ጀበናውን ከምድጃው አንስተው ማቱ ላይ አሳርፈውታል። ቡናው ተጠጣ፤ ማቱ ላይ ግን ክብ ጉድጓድ ቀረ። እሱ አይመለስም።

ዝም ብሎ የጎበጠ ከሆነ ግን ተስፋ አለው። ጠዋት ፀሐይ ላይ፣ ልሙጥ ሴራሚክ ወለል ላይ፣ የጎበጠውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። ለስለስ ሲል ወዲያው ወደ ዝርግ ጠረጴዛ ወስዳችሁ ሙሉ ገጹን በጣውላና በከባድ መጻሕፍት ተጫኑት። ሌሊቱን ይደር። አንዴ ካልሆነ ድገሙት። በካውያ አትሞክሩ። ጨርቅ ጣል አድርጌበት ነው ያለኝ ሰው ማትም ካውያም አበላሽቷል። በብርድ ጊዜም በግድ እጥፍ አታድርጉት፤ ይሰነጠቃል።

ሙጫ ተጣበቀበት

ኮላ ከሆነ ይድረቅ፣ ከዚያ በጥፍር ይነሳል። ማስቲሽ ሲደርቅ በአውራ ጣት እያንከባለላችሁ አውጡት። ቲነርና አሴቶን ከማቱ አርቁ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጡታል ወይም ያደርቁታል፣ የታተመውን መስመርም ይጠርጉታል። የጋለ ግሉ ገን (ሙጫ አቅልጦ የሚያወጣውን መሣሪያ) ማቱ ላይ አታስቀምጡ፣ ሙጫውንም አታንጠባጥቡበት።

መስመሩና ማስመሪያው አልተስማሙም

ማስመሪያውን እመኑ። ርካሽ ማት ላይ የታተመው መስመር የተዛነፈ ይሆናል። ስትገዙ የብረት ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቁመትም በወርድም ለኩ። ብዙ ማት ደግሞ አንዱ ገጹ በሴንቲሜትር፣ ሌላው በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። ገልብጣችሁ ሳታዩ የቆረጣችሁት ቆዳ አይመለስም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አዲሱ ማት ከሸተተ በላርጎ አጥባችሁ ጥቂት ቀን አናፍሱት።

ጠረጴዛ ላይ ከተንሸራተተ ስሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራ ነው።

ቫርኒሽ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ለወራት ከተዋችሁት ቀለሙን ሊያነሳ ይችላል፤ ስትጨርሱ አንሱት።

ቆዳ በመዶሻ የምትበሱ ሰዎች ግን፣ እባካችሁ ከስር ሌላ ነገር አድርጉ። መብሻው ክብ ቆርሶ ነው የሚያወጣው። ለዚያ ሥራ የእንጨት ጉማጅ አለ፣ ወፍራም የቆዳ ቁራጭ አለ።

መሀሉ ያለቀ ማት ደግሞ አይጣልም። ጥጉ ሁልጊዜ ደህና ነው። በአዲስ ምላጭና በብረት ማስመሪያ ደጋግማችሁ በስሱ ሂዱበት፣ ግማሹን ሲያልፍ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስበሩት። ከአንድ ኤ3 ማት ደብተር የሚያክሉ ሁለት ደህና ቁራጮች ይወጣሉ። እኔ ቆዳ የማሳሳው በእነሱ ላይ ነው፤ የማሳሳበት ምላጭ ሁልጊዜ ስለሚያዘነብል ዋናውን ማት አላስነካውም።