ሶሊድ ኦክሳይድ ፊውል ሴልን በኢታኖል ማሠራት፦ ከድብልቁ እስከ ማጥፊያው

ኢታኖል ለሶሊድ ኦክሳይድ ፊውል ሴል፣ ማለትም ነዳጅን በጠጣር ሴራሚክ አማካኝነት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጥ መሣሪያ፣ ምቹ ነዳጅ ነው። ፈሳሽ ስለሆነ ለማከማቸት አያስቸግርም፤ ከውሃም ጋር በፈለጉት መጠን ይዋሃዳል። ሴሉ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስለሚሠራ ሌሎች ፊውል ሴሎችን የሚመርዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለእሱ ነዳጅ ይሆነዋል። ጣጣው ያለው አኖዱ (ነዳጁ የሚደርስበት ኤሌክትሮድ) ላይ ነው። እዚያ ያለው ኒኬል ካርቦን ይለብሳል፣ ድኝ ሲነካው ይደነዝዛል፣ ትኩስ ሳለ አየር ካገኘው ደግሞ ኦክሳይድ ሆኖ ያብጥና ሴሉን ይሰነጥቀዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ኒኬሉን ከነዚህ ሦስት ነገሮች ለመጠበቅ ነው።

ለስሌት አምስት ሴል ያለው ስታክ (የተደራረቡ ሴሎች) እንውሰድ። የእያንዳንዱ ሴል የሚሠራ ስፋት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ30 አምፒርና በሴል 0.75 ቮልት ቢሠራ 112 ዋት ገደማ ይሰጣል። አንድ የኢታኖል ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ኦክሳይድ ሲሆን 12 ኤሌክትሮን ይሰጣል። ስታኩ ከገባለት ነዳጅ 70 በመቶውን ብቻ እንዲጠቀም ካደረግን በሰዓት 31 ግራም፣ ማለትም 39 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ኢታኖል ይበቃዋል። አየሩ በስሌት በደቂቃ 2.5 ሊትር ቢሆንም ከ8 እስከ 10 ሊትር ይስጡት። ይህን የሚያህል ስታክ ሙቀቱን በራሱ መያዝ ስለማይችል በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥቅሙ ለፍተሻና ለትምህርት እንጂ ለቤት መብራት አይደለም።

ድብልቁን በጥንቃቄ ያዘጋጁ። ለአንድ ሞል ኢታኖል አራት ሞል ውሃ ያስፈልጋል፤ ይህም ለእያንዳንዱ የካርቦን አቶም ሁለት የውሃ ሞለኪውል ማለት ነው። 96 በመቶ አልኮል ካለዎት ለ100 ሚሊ ሊትሩ 115 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምሩ። ውሃውን ቀንሰው ኃይል ለመጨመር አይሞክሩ፤ የሚያተርፉት ጥላሸት ብቻ ነው። ውሃው ማዕድኑ የወጣለት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጨው ማትነኛውን (ድብልቁን ወደ ትነት የሚለውጠውን ትኩስ ቱቦ) ይደፍነዋል። ቤንዚን ወይም የማይታወቅ መበከያ የተጨመረበት አልኮል አይጠቀሙ። በጋዙ ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ድኝ የኒኬሉን ሥራ ያዳክማል። ድብልቁ ግማሽ በግማሽ ውሃ ቢሆንም በክፍል ሙቀት አካባቢ እሳት ሊይዝ እንደሚችል አይርሱ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ማትነኛው ላይ ነው። ባዶና ትኩስ ቱቦ ውስጥ የሚወድቅ ጠብታ በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ ቀጣዩ እስኪደርስ ደግሞ ቱቦው ባዶ ይሆናል። ያኔ የስታኩን ቮልቴጅ ቢያዩ በየጥቂት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ሲል ያገኙታል። በዝቅታው ወቅት አኖዱ ነዳጅ አጥቷል ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ግፊቱ የማይቆራረጥ ሲሪንጅ ፓምፕ መጠቀም፣ ቱቦውንም በኳርትዝ ሱፍ ወይም በሴራሚክ ቅንጣት መሙላት። ማትነኛውን ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ያቆዩት። ከዚያ እስከ ሪፎርመሩ (ትነቱን በዋናነት ወደ ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለውጠው ክፍል) ያለው መንገድ አጭር ይሁን፤ ትኩሱ ክፍል በሴራሚክ ወይም በኳርትዝ ቱቦ ይሠራ። የጋለ የማይዝግ ብረት ራሱ ኢታኖልን እየሰነጠቀ ካርቦን ያጠራቅማል።

ሪፎርመሩን ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ያሙቁት። ካታሊስቱ (ለውጡን የሚያፋጥነው ቁስ) በሴሪያ (ሴሪየም ኦክሳይድ) ወይም በላንታኒየም ኦክሳይድ ላይ የተቀመጠ ሮዲየም ወይም ኒኬል ቢሆን ይመረጣል። ተራ አሉሚና አሲዳማ ስለሆነ ከኢታኖሉ ውሃ ነጥቆ ኢትሊን ያደርገዋል፤ ኢትሊን ደግሞ ወደ ጥላሸት ለመለወጥ ጊዜ አይወስድበትም።

ስታኩን በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እየጨመሩ ያሙቁ፤ የመስታወት ማሸጊያው የሚፈልገውን የሙቀት እርከን ከአምራቹ መመሪያ ይውሰዱ። አዲስ ሴል ከሆነ በ800 ዲግሪ መጀመሪያ ናይትሮጅን፣ ቀጥሎ 5 በመቶ ሃይድሮጂን ያለበት ናይትሮጅን ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ንጹሕ ሃይድሮጂን ይስጡት። ጭነት ሳይኖርበት በትንሹ እርጥብ በሆነ ሃይድሮጂን እያንዳንዱ ሴል 1.1 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ከ1.05 በታች ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ኢታኖል ከማስገባትዎ በፊት ፈልገው ያግኙት።

ሃይድሮጂኑን ሳይዘጉ ድብልቁን ያስጀምሩ። 15 ደቂቃ ቆይተው ሃይድሮጂኑን በየደረጃው ይቀንሱ። በኢታኖል ብቻ ሲሠራ ያለ ጭነት የሚታየው ቮልቴጅ ወደ 0.95–1.0 ቢወርድ አይደንግጡ፤ ጋዙ ውስጥ ውሃ ስላለ ነው። ጭነቱን በ3 አምፒር በ3 አምፒር ይጨምሩ። ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ይለኩ፤ አንዱም ከ0.65 ቮልት እንዳይወርድ።

ሲሠራ ከቮልቴጁ ይልቅ የአኖድ መግቢያው ግፊት ብዙ ነገር ይናገራል። በዩ ቅርጽ ማኖሜትር ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ከሄደ ካርቦን እየተጠራቀመ ነው። ቮልቴጁ ያን ጊዜም ደህና ሊመስል ይችላል። ኢታኖሉን አቁመው እንፋሎትን ከጥቂት ሃይድሮጂን ጋር ያሳልፉ እንጂ በአየር ለማቃጠል አይሞክሩ። ቮልቴጁ ቶሎ ወድቆ ከቆመ ግን ድኝ ይጠርጥሩ፤ በንጹሕ ነዳጅ በከፊል ያገግማል።

ከስታኩ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ያለ ማቃጠያና ያለ አየር መውጫ አይልቀቁት፤ ክፍሉ ውስጥም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይስቀሉ።

ሲያጠፉ ቅደም ተከተሉ አይፋለስ፦ መጀመሪያ ጭነቱን ያንሱ፣ ወደ 5 በመቶው የሃይድሮጂን ድብልቅ ይዙሩ፣ ከዚያ ፓምፑን ያቁሙ። ጋዙን ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አይዝጉ። መብራት ድንገት ቢጠፋ ፓምፑ ወዲያው ስለሚቆም፣ የዚህ ጋዝ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሶኬቱን ነቅለው መከፈቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ሲሊንደሩም ስታኩ እስኪቀዘቅዝ የሚበቃ ጋዝ ይኑረው።