አውራ ዶሮውን ላስቀረው ወይስ ልሽጠው?

የ45 ቀን የሳሶ ዝርያ ጫጩቶች ገዝታችሁ አሳደጋችሁ። ሻጩ «አብዛኞቹ ሴት ናቸው» ብሏችሁ ነበር። ሦስት አራት ወር ሲሞላቸው ግን ሁለት ሦስቱ እግራቸው ወፍሯል፣ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ደም መስሏል፣ የአንገትና የወገብ ላባቸው ሹል እየሆነ ነው። አንደኛውማ ድምፁ እንደተሰነጠቀ ጎረምሳ ጩኸት መለማመድ ጀምሯል። አሁን መወሰን አለባችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። በእንቁላል እርባታ ያሉት ቦቫንስ የሚባሉት ዝርያዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ አውራ ዶሮ ሳያዩ ነው የሚጥሉት። አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ስትፈልጉ ነው።

«የሀበሻ እንቁላል አስኳሉ የሚደምቀው አውራ ስላለ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ቀለሙ የሚመጣው ከምትበላው ነው፤ ሜዳ ላይ ሣርና ቅጠል ስትለቅም የዋለች ወይም ቢጫ በቆሎ የምታገኝ ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። ውስጡ ጫጩት ይኖር ይሆን ብላችሁም አትስጉ። በየቀኑ ለቅማችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀመጣችሁት እንቁላል አያድግም። ጫጩት ለመሆን 21 ቀን ሙሉ ሙቀት ይፈልጋል። አንዳንዴ አስኳሉ ላይ የምትታየው የደም ጠብታም ከአውራው ጋር አትገናኝም፤ እንቁላሉ ሲሠራ ከተቀደደች ትንሽ የደም ሥር የምትመጣ ናት።

ታዲያ ማን ያስቀረው? ጫጩት የሚፈልግ ሰው። ግን እዚህም ላይ ረጋ በሉ። እንቁላሉን ማን ይታቀፈዋል? ቦቫንስ አትታቀፍም ማለት ይቻላል፣ ሳሶም ብዙ ተስፋ አይጣልባትም። የምትታቀፍ የሀበሻ ዶሮ ወይም መፈልፈያ ማሽን ከሌላችሁ አውራው ያለ ሥራ እህል ይበላል። የተዳቀሉ ዝርያዎች ልጆች ደግሞ እንደ እናታቸው አይሆኑም፤ አንዷ ጥሩ ትጥላለች፣ ሌላዋ አትረባም። በዚያ ላይ ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ እንደገና ወንድ ናቸው! ይህን ሁሉ አስባችሁ አሁንም ከፈለጋችሁ ያዙት።

ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው። ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ ተለቀው የሚውሉ ከሆነ፣ ሰፈሩም ጭልፊት የሚያንዣብብበት ከሆነ፣ ጥሩ አውራ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ ያስጠነቅቃል፣ ሴቶቹም ሮጠው ይጠለላሉ። ሌሊት ለሚመጣ ሸለምጥማጥ ግን አውራ ዶሮ ዋስትና አይደለም። ለሱ የሚሆነው በደንብ የሚዘጋ በር ነው።

ጎረቤታችሁ ግድግዳ የሚጋራችሁ ከሆነ እኔ በበኩሌ አታስቀሩት ነው የምለው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጭራሽ አታስቡት። «ጨለማ ቤት ብዘጋበት ዝም ይላል» የሚል ምክር ይሰማል፣ ብዙ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን ስላየ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ ውስጥ ባለ ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይጀምራል። ቤቱን ማጨለም የሚጠቅመው ድምፁ እንዲታፈንና የመንገድ መብራት እኩለ ሌሊት ላይ እንዳይቀሰቅሰው ነው፤ ያውም አየር በደንብ የሚገባበት ከሆነ። አንገቱን በጨርቅ ወይም በቀበቶ ማሰር የሚባለውን ነገር ተዉት፣ ሊታነቅ ይችላል።

ከሁለት ሦስቱ የትኛው ይቅር? ብዙ ሰው ትልቁንና ደፋሩን ይመርጣል። እኔ አልመርጥም። ጥቂት ሳምንት ተቀምጣችሁ እዩዋቸው። ጥሬ ሲያገኝ ቁክ ቁክ እያለ ሴቶቹን ጠርቶ የሚተውላቸው፣ እናንተ ስትገቡ ዞር ብሎ መንገድ የሚለቅ፣ እሱ ነው የሚቀረው። ቀይ ወይም ገብስማ ሆኖ አምሮባችሁ ልባችሁ የወደደው ጠበኛ ካለ እሱን ለበዓል ሽጡት፤ የበዓል ገዢ እንደሆነ ለቀለሙና ለክብደቱ እንጂ ለጠባዩ አይጨነቅም።

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። ሴቶቹ ሦስት አራት ብቻ ከሆኑ ሌት ተቀን ይወጣባቸዋል፤ የጀርባቸውና የማጅራታቸው ላባ ረግፎ ቆዳቸው ሲታይ ታውቁታላችሁ። ያኔ ወይ ሴት ጨምሩ ወይ እሱን ለብቻው አግልሉት። ከእግሩ በስተኋላ የሚያድገው ሹል ነገር ረዝሞ ከሆነም ጫፉን ብቻ በሞረድ አደብዝዙት፤ ውስጡ ደም ስላለው ከሥሩ አትቁረጡ። ሁለት አውራ አብረው ካደጉ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነና ሴት ከበዛ ሊስማሙ ይችላሉ። አዲስ አዋቂ አውራ አምጥቶ ከነባሩ ጋር መልቀቅ ግን ደም ማፋሰስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ሰው የሚያጠቃ አውራ። ጠቡ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ጉርምስናው ላይ ነው፣ ያውም ጫጩት ሳለ ታቅፈው፣ በእጅ እያጎረሱ ያሳደጉት ጭምር፤ እንዲያውም ሰውን ስለማይፈራ እሱ ይብሳል። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። አንድ ክንፉን ጥሎ በጎን እየተሽከረከረ ይጠጋል፣ የአንገቱን ላባ ያቆማል፣ ትክ ብሎ ያያችኋል፣ የሚበላ ሳይኖር መሬቱን ይጭራል ወይም ይነቁራል። በዚህ ሰዓት መሮጥ የለም። ጀርባ መስጠትም የለም። ወደኋላ ካፈገፈጋችሁ አሸነፍኩ ይላል። በርግጫ ከመታችሁትም ጠቡን ተቀበላችሁለት ማለት ነው፣ ነገም ይመጣል። የሚሻለው ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከዚያ ዝግ ባለ እርምጃ ወደሱ መሄድና እሱ መንገድ እስኪለቅ መግፋት ነው። ባልዲ ወይም ሰፋ ያለ ሣጥን ፊት ለፊታችሁ ይዛችሁ ግቡ። ቡትስ ጫማ አድርጉ።

እምቢ ካለ ያዙት፤ ክንፎቹን ሰብስባችሁ ብብታችሁ ሥር አድርጋችሁ የግቢውን ሥራ እየሠራችሁ ይዛችሁት ዙሩ። መንቀሳቀሱንና መታገሉን ካላቆመ አትልቀቁት፤ ሲረጋጋ ነው የሚወርደው። ይህን በየቀኑ አድርጉ፣ ቤት ውስጥ ያላችሁ አዋቂዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጉ፤ አንዱ እየገፋ ሌላው እየሸሸ ከሆነ አይሠራም። ደግሞ እናንተም አትቀስቅሱት። በቀን ፊቱ ሴት ዶሮ አሳዳችሁ ስትይዙና ስትጮኽ እሱ መምጣቱ አይቀርም፤ መያዝ ካለባችሁ ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ በቀስታ አንሷት።

ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ አድርጋችሁ ካልተለወጠ አይለወጥም፣ ሽጡት ወይም ዶሮ ወጥ ይሁን። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ግን ይህንንም ያህል አልጠብቅም። ልጅ ቁመቱ አጭር ነው፣ የአውራው እግር የሚደርሰው ፊቱ ላይ ነው፣ ዓይን ደግሞ ምትክ የለውም። የጠበኛ አውራ እንቁላልም ለማስታቀፍ አታስቀምጡ፣ ጠባዩ በከፊል በዘር ይተላለፋል። እድሜው ከዓመት ካለፈ ሥጋው ስለሚጠነክር ወጡ ላይ ሰዓት ጨምሩለት።

በምትኩ ሌላ የምታመጡ ከሆነ ከራሳችሁ ዶሮዎች ያልተወለደ አውራ ከሌላ ሰው ጋር ለዋውጡ፤ ልጅ ከእናቱ እየተዳቀለ ሲሄድ ጫጩቶቹ እየደከሙ ይመጣሉ። በበዓል ሰሞን ከገበያ አትግዙ፣ ከየቦታው የመጣ ዶሮ የሚቀላቀልበት ጊዜ ስለሆነ ፈንግል የሚባለውን ተላላፊ የዶሮ በሽታ ይዛችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ። ከየትም ይምጣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ራቅ አድርጋችሁ አቆዩት፣ የናንተዎቹም የፈንግል ክትባት ይውሰዱ። የአዲሱን ልጆች ከፈለጋችሁ ደግሞ እንቁላሉን ለማስታቀፍ አትቸኩሉ፤ ሴቶቹ የቀድሞውን ዘር ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጣቸው ስለሚያቆዩት፣ ያንን የሸጣችሁትን ጠበኛ መልሳችሁ ልትፈለፍሉት ትችላላችሁ። አንድ ወር ያህል ጠብቁ።