ልጅን ከብስኩትና ከዱቄት ጁስ ወደ ቤት መክሰስ ማሻገር፦ ለድሬዳዋ ወላጆች

የትንሽ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በክብደቱ ልክ፣ በኪሎ 30 ግራም ያህል ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ግራም ገደማ ከበላ ሞልቷል ማለት ነው። ከምሳ በፊት ግማሽ ፓኬት ብስኩትና አንድ ብርጭቆ የዱቄት ጁስ ከገባ ለሽሮውም ለእንቁላሉም ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ «ልጄ ምግብ እምቢ አለኝ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ከምግቡ በፊት በነበሩት ሁለት ሰዓታት ምን ቀመሰ የሚለው ነው።

ታሽጎ የተሸጠ ሁሉ መጥፎ አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው፣ ተራ ፓስታ፣ ስኳር ያልገባበት የታሸገ ወተት ችግር የለባቸውም። እጅግ የተቀነባበረ የሚባለው በማንም ማድ ቤት የማይገኙ ነገሮች የገቡበት ነው፦ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ የፋብሪካ ማቅለሚያና ማጣፈጫ። ችፕስ፣ ክሬም ያለው ብስኩት፣ ጄሊ፣ የዱቄት ጁስ፣ ኢንዶሚ እዚህ ይመደባሉ።

በጅቡቲ መስመር የሚገባው ዕቃ ጽሑፉ በማናነበው ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። በሰንጠረዡ ላይ የስኳሩን ግራም ፈልጉና ለ4 አካፍሉት፤ ስንት የሻይ ማንኪያ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተጨመረ ስኳር ጨርሶ አይመከርም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከ6 የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይሁን። የተለመደ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር ስላለው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። ለጨው የሶዲየሙን ሚሊ ግራም በ2.5 አባዙ። 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው፤ ይህም ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ የሙሉ ቀን ጣሪያ ነው። አንድ ፓኬት ኢንዶሚ ከነቅመሙ እዚያው አካባቢ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ምትኩ። ልጁ 6 ወር ከሞላው ጀምሮ የሚሆን ዱቄት በቀላሉ ይዘጋጃል። 3 ኩባያ ማሽላ ለ1 ኩባያ ሽምብራ ለኩ። ሽምብራውን ለቅማችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ መዘፍዘፉ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል። ውሃውን ድፉ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ቆልታችሁ ከክኩና ከተፈተገው ማሽላ ጋር አስፈጩ። በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ይሻግታል። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ነቀዝ ቶሎ ስለሚገባበት ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ አስፈጭታችሁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡ።

ለአንድ ጊዜ 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ወደ አንድ ኩባያ ፈላ ውሃ ጨምሩና እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ አብስሉ። ሲጠጥር ፈላ ውሃ ጣል አድርጉ። ማንኪያው ሲዘነበል የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥኗል፤ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። በመጨረሻ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ለውዝ ወይም የተመታ እንቁላል ጨምራችሁ እንቁላሉ እስኪበስል አቆዩት። ለውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር እንዳይከተል ጠብቁ። ስኳር አያስፈልገውም፤ የበሰለ ሙዝ ወይም ፓፓያ ፈጭታችሁ ቀላቅሉበት። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም።

የባቢሌ ለውዝ ቅርባችን ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከነልጣጩ ግዙ፤ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውን፣ የሚመረውን አንድ በአንድ አውጡ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ፍሬውን እንዳለ አትስጡ፤ ያንቃል።

የመክሰስ ሰዓት ቁርጥ ያለ ይሁን፦ ጠዋት 4 ሰዓት እና ከሰዓት 10 ሰዓት። የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ ይበቃሉ። የግመልም ሆነ የፍየል ወተት ሳይፈላ አይሰጥም፤ ብሩሴላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይተላለፍበታል። ሻይ ከምግብ ጋር መስጠት የብረቱን ጥቅም ይቀንሳል። በሙቀት ልጁ ብስኩት የሚጠይቀው ጠምቶት ሊሆንም ስለሚችል 6 ወር ላለፈው መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አቅርቡ። የተሠራ ምግብ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ስለዚህ ለመዋዕለ ሕፃናት ወተት ያለበት ገንፎ አትቋጥሩ።

በአንድ ቀን መከልከል አይሠራም፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ቤተሰቡ ይረታል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማከማቸት አቁሙ፤ ያልተገዛ ነገር አያስለቅስም። ጣፋጩን እርጎ በነጩ እርጎ እያጋመሳችሁ በየሳምንቱ ጣፋጩን ቀንሱ። የኢንዶሚውን ቅመም አስቀሩና በቲማቲም፣ በካሮትና በእንቁላል ሥሩት፤ በኋላ በፓስታ ተኩት። አዲስ ምግብ እምቢ ሲል አታስገድዱ፤ 10 እና ከዚያ በላይ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሲቀርብለት የሚለምድ ብዙ ነው። አያቶችና እንግዶች የሚያመጡት ከረሜላ ነው ዋናው ፈተና፤ «ሙዝ ይወድላችኋል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ማንንም አያስቀይምም። በጾም ወቅት ዕቃ እንዳይነካካ ለልጁ የራሱ ድስትና ማንኪያ ለዩለት፤ እንቁላሉ አይቋረጥ።

ፕላምፕኔት፣ ማለትም በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ የሚታዘዘው የለውዝ ቅባት፣ ፋብሪካ የሠራው ቢሆንም እንደ መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያ ያዘዘለት ልጅ አያቋርጠው፣ ለወንድሙም አይካፈል፣ ያልታዘዘለት ከሱቅ አይገዛለት። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ሆኖ የክንዱ መሀል ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ልጅ የመክሰስ ለውጥ ብቻ አይበቃውም፤ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ከ11.5 በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት።