የካምፎር ዛፍ ከመትከልዎ በፊት

የካምፎር ዛፍ ሲያድግ ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ፣ ሥሩም ከመሬት ወለል ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን እየተዘረጋ ንጣፍ የሚሰነጥቅና የውኃ ቧንቧ የሚጎዳ በመሆኑ፣ ከቤትና ከቧንቧ መስመር አርቀው ይትከሉት። ሥሩ ሲነካካ ስለማይስማማው፣ ገና ትንሽ ሳለ ፀሐይ በሚያገኝ ቋሚ ቦታው ላይ ቢያኖሩት ይሻላል።

ከዘር ለማብቀል ከፈለጉ፣ ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ፍሬው በስሎ እንደጠቆረ ልጣጩንና ሥጋውን በእጅዎ አሽተው በማጠብ ሳይውል ሳያድር ይዝሩት።

በቅጠሉ ላይ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍል ቢጫ ሲሆን ብዙዎች ውኃ ይጨምሩለታል፤ ይሁን እንጂ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ አልካላይን (አሲዳማነት የሌለው) በመሆኑ ዛፉ ብረትና ማንጋኒዝ መሳብ አለመቻሉን የሚያሳይ ስለሆነ፣ መፍትሔው የአፈሩን አሲዳማነት ማስተካከል ነው። አዲስ ቅጠል ቀላ ብሎ መውጣቱ ግን ጤነኛ ባሕርይው ነውና አያስጨንቅዎ።

ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ርቀው ስለሚበትኑት፣ በአውስትራሊያና በፍሎሪዳ እንደ ወራሪ ተክል ይቆጠራል፤ ስለዚህ በአካባቢዎ መትከሉ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፣ ሳይዘሩት የበቀለውንም ችግኝ ሳይጠነክር ከነሥሩ ይንቀሉት።