በአዮዋ የመንግሥት ሠራተኛ የሆቴል ሒሳብ አልወራረድ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በትምህርት ቤት፣ በካውንቲ ወይም በከተማ አስተዳደር የሚሠራ ሰው በግዛቱ ውስጥ ለሥራ ተጉዞ ያደረበትን የሆቴል ሒሳብ ለማወራረድ ሲያቀርብ፣ ደረሰኙ የተሟላና ዋጋው ከተፈቀደው ጣሪያ ያልዘለለ ቢሆንም ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውና በግዛቱ ሕግ አንቀጽ 80.45ኤ የሠፈረው ድንጋጌ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለው ሠራተኞቹን ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርን ስለመከላከል ላሠለጠነና ይህንንም በግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ላስመሰከረ ማረፊያ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ደረሰኝ መክፈልዎን እንጂ የሆቴሉን ምስክርነት አያሳይም።

መፍትሄው ክፍል ከመያዝዎ በፊት የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በድረ ገጹ ያወጣውን የተመሰከረላቸው ሆቴሎች ዝርዝር ማየት ነው። የሆቴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የመንገዱን አድራሻ ያመሳክሩ፤ ከዚያም ገጹን ቀኑ በሚታይበት መልኩ አትመው ከማወራረጃ ቅጹ ጋር ያያይዙ። ካደሩ በኋላ የሚደረግ ፍለጋ ብዙም አይረዳም፤ ሆቴሉ በኋላ ቢመሰከርለት እንኳ እርስዎ ባደሩበት ሌሊት የተመሰከረለት መሆኑን አያሳይም። ሆቴሉን የመረጠልዎት መሥሪያ ቤትዎ ከሆነ ግን ቦታ የተያዘበትን ኢሜይል ይዘው የፋይናንስ ክፍሉን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዎታል።

እንግዳ መቀበያው «እኛ ሁላችን ሠልጥነናል» ብሎ ሆቴሉ ከዝርዝሩ ሲታጣስ? አንዱ ምክንያት ምስክርነቱ ለእያንዳንዱ ሆቴል እንጂ በአጠቃላይ ለብራንዱ አለመሰጠቱ ነው፤ በዴሞይን ያለው ቅርንጫፍ ቢመሰከርለት በዌስት ዴሞይን ያለውን አይሸፍነውም። ሌላው ሆቴሉ ባለቤት ወይም ስም ቀይሮ በቀድሞ ስሙ መመዝገቡ ነው፤ አድራሻን ማመሳከር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሥልጠናው ተሰጥቶ ለሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሳይገለጽ የቀረ ከሆነ ደግሞ ምዝገባውን ማስጨረስ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ድርሻ ነው። ሥልጠናው በኢንተርኔት በነፃ ስለሚሰጥ ወጪን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ይህን አሠራር እንደ ተራ የቢሮ ውጣ ውረድ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ተገቢ ነው እላለሁ። ለቀናት ክፍሏ እንዳይጸዳ የሚከለከልባት፣ መታወቂያዋን ሌላ ሰው የያዘባት፣ ስትጠየቅ አብሯት ያለው ሰው የሚመልስላት ወጣት ስትኖር መጀመሪያ የሚያያት አልጋ አንጣፊዋ ወይም የሌሊት ተረኛው ነው። በአሜሪካ ሆቴሎች የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ ቦታ ላይ ናቸው። ያልሠለጠነ ሠራተኛ ምልክቱን አይቶ ያልፈዋል፤ የሠለጠነው ተጠርጣሪውን ራሱ ሳይጋፈጥ ለኃላፊው ያሳውቃል፣ ወይም ወደ ብሔራዊው የሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ጥቆማ የስልክ መስመር 1-888-373-7888 ይደውላል፤ አስቸኳይ አደጋ ካለ 911 ይቀድማል።

የስብሰባ አዳራሽ ወይም የምግብ መስተንግዶ ክፍያ ሲታገድ ምክንያቱ ያው ነው፤ ሕጉ በሆቴል የሚደረግን ስብሰባና ግብዣም ይጨምራል፣ ማንም እዚያ ባያድርም። ስለዚህ አዘጋጁ ውል ከመፈረሙና ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ዝርዝሩን ይመልከት፤ ሆቴሉ ምስክርነቱን እስከ ስብሰባው ቀን ጠብቆ እንዲያቆይም በውሉ ያስገባ።

ከአዮዋ ውጭ ያደረ ሠራተኛ ማስረጃ ሲጠየቅ ደግሞ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከቦታው ይመጣል። ሕጉ የሚመለከተው በግዛቱ ውስጥ ያሉ ማረፊያዎችን ነው። ካውንስል ብለፍስ በአዮዋ ናት፣ ከሚዙሪ ወንዝ ማዶ ያለችው ኦማሃ ግን በነብራስካ፤ ዳቨንፖርት በአዮዋ ስትሆን ከሚሲሲፒ ማዶ ያለችው ሞሊን በኢሊኖይ ናት። የሆቴሉን ሙሉ አድራሻ ከግዛቱ ስም ጋር በማወራረጃው ላይ መጻፍ ጥያቄውን ያስቀራል።